አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

በአንድ ጥያቄ አርባ ሩፒ፣ ይህ ነበር ደሞዜ፣
ኮይምባቶር፣ ከፈትል ፋብሪካው ጀርባ፣ በዝናብ ጊዜ።
ማራገቢያው ከላይ ሲንቋቋ፣ ወረቀቱ እንዳይበር ጠጠር ጭኜበት፣
አራት ፊደል እደረድራለሁ፣ ከአንዱ ሥር እውነት ሸሽጌበት።

እውነቱን መጻፍ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ነው፣ ያልቃል።
ሦስቱን ውሸት ማሳመር ግን ሌሊት ይጠይቃል።
ውሸት ደረቁን አይሸጥም፤ ትንሽ እውነት ይቀባል፣
ይኳላል፣ ጸጉሩን ይሠራል፣ ከእውነት ትከሻ ይጠጋል፤
የቸኮለ ያየዋል፣ የቸኮለ ያምነዋል።

ግን ሰው ነኝ፤ እጄ ልማድ አለው፤ ልማዴ አሳበቀብኝ።
እንዳልሳሳት ስጠነቀቅ እውነቱ ረዘመብኝ፤
«ረጅሙን ምረጥ» የሚል ምክር ዞሮ ዞሮ እኔኑ ደረሰኝ።
«ሁልጊዜ» ካለ ውሸት ነው፣ «አብዛኛውን ጊዜ» ካለ እውነት፤
ከጨነቀህ ሐን አጥቁር፤ እጄ ወደ ሐ ያደላል፣ በድካም ሰዓት።
የአከራዬ ልጅ ኢላንጎ፣ አንዲት መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቀው፣
ከአርባው ሠላሳ አንድ አገኘ፤ ትምህርቱን አይደለም፣ እኔን ነው ያወቀው።

ሃያ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሀ እና ሐ፣ ልክ እንደ ድምፃቸው፣
አንድ ነበሩ፤ በመልክ እንጂ በትርጉም ማን ይለያቸው?
አራሚው ግን ለየ። ለአንዱ ነጥብ፣ ለአንዱ ዜሮ ሰጣቸው።

አሥራ ሰባተኛውን የጻፍኩት መብራት በሚቆራረጥበት ሌሊት ነው፤
አንዲት መስመር ናት፤ አንዱን ቁጥር እዚያው በዚያው ሁለቴ የምትጨምረው።
«ይህ ኮድ ምን ያትማል?» አልኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።
አሮጌ ኮምፒውተሬን ጠየቅሁት፤ ስድስት አለኝ፤ አመንኩት።

ማራጋታም መጣች፤ ዘጠኝ ዓመት ከሽመና ማሽን ጋር የተነጋገረች፣
ክር ሊበጠስ ሲል በድምፁ የምታውቅ፣ ሌሊት ተጠርታ የሰው ስህተት ያቃናች።
ፋብሪካው ተዘግቶባት ነው። እርጥብ ጃንጥላዋን ከእግሯ ሥር አጋድማ
ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።
እኔ ያን ቀን ፈታኝ ነበርኩ።

አሥራ ስድስቱን ቶሎ ቶሎ አጠቆረች። ቆመች።
እርሳሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን አየች። እጇን አወጣች።
«ጌታዬ፣ ይቺ መልስ የላትም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
«ቋንቋው ራሱ አልወሰነም፤ አንዱ ማሽን አምስት ይላል፣ ሌላው ሰባት።
እኛ ዘንድ እንዲህ የጻፈ ልጅ ቢኖር፣ አጠገቡ ቁጭ ብለን እናስጠፋው ነበር።»
«ካሉት አንዱን ምረጪ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?
ማሽኑ የሚያየው የጠቆረ ክብ ነው፤ ኅዳግ ላይ የተጻፈ አያነብም።
እሷ ግን ኅዳጉ ላይ ጻፈች፣ ጥርት ባለ እጅ፦ «ይህ አይወሰንም።»
አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ደወሉ ሲጮህ
የመጨረሻዎቹ ስድስት ክቦች ነጭ ነበሩ፣
እንዳልተፈተለ ጥጥ።

ማታ የጎረቤቴን ላፕቶፕ ለምኜ ያቺን መስመር አስኬድኳት።
ሰባት አለች።
ደግሜ አስኬድኳት። ሰባት።
ጎረቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ዝናቡን አመካኘሁ።

ለድርጅቱ ላመልክት ብዬ ቅጽ አወጣሁ።
«የቅሬታዎ ዓይነት» ይላል፦
ሀ) ክፍያ
ለ) ሰዓት
ሐ) አዳራሽ
መ) ሌላ
እጄ ወደ ሐ ሄደ፣ እንደ ልማዱ። መለስኩት።
«ሌላ» የሚለውን አጠቆርኩት።
ከሥሩ የምጽፍበት ቦታ ፈለግሁ፤ አልተተወም።
ኅዳጉም ጣት አይሞላም።
እርሳሴን ቀረጽኩ።